ቀንድ አውጣዋና የአባዬ የመጀመሪያ መልስ

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ባለፈው ሐሙስ ፊቴን የመታኝ ሽታ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ወንድሜ ሳምሶን ጓሮ ውስጥ የቆመችውን፣ አልጋና ማድቤት ያላትን የአባቴን አሮጌ ሞተርሆም በር ስከፍት፣ ፀሐይ የጠበሰው የወንበር ላስቲክ፣ የዝናብ ውሃ የጠጣ ምንጣፍ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ፣ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ ሊኖር ባይችልም፣ እናቴ መሳቢያው ውስጥ የደፋችው በርበሬ ሸተተኝ። ባልዲና መጥረጊያ ይዤ የሄድኩት ላጸዳት ነበር፤ ቅዳሜ የሚገዛት ሰው ይመጣል። የሳምሶን የመንደር ማኅበር ጓሮ ውስጥ አሮጌ መኪና ማቆም ክልክል ነው እያለ ስለጨቀጨቀው፣ "ዳዲን ኮል አድርጊውና ጠይቂው፤ አንቺን ይሰማል፣ ኦኬ?" አለኝ። ጠየቅሁት። ከሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሳንድዊቼን እያላመጥኩ ደውዬ "አባዬ፣ ሞተርሆሟ ትሸጥ?" አልኩት። "እናንተ ካላችሁ እኔን ምን ቸገረኝ" አለኝ። "ኦኬ" ብዬ ዘጋሁት። የአባዬ የመጀመሪያ መልስ መልስ እንዳልሆነ ከማንም በላይ የማውቅ ልጁ፣ አንድ ጊዜ ጠይቄ ዘጋሁት። ይህ ትዝ ሲለኝ ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩና እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ።

እናቴ "ቀንድ አውጣዋ" ነበር የምትላት፤ ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ ስለምትጎተት። አባዬ እጅ የገባችውም በወጉ አልነበረም። ያን ጊዜ ታክሲ ይነዳ ስለነበር በየሳምንቱ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ። ባለቤታቸው ሞተው መኪናዋ ቤታቸው ደጃፍ ያለ ሥራ ቆማ ስትቀር፣ "ውሰዳት፣ ላንተ ትሁን" አሉት። አባዬ እንደ አገሩ ሥርዓት "ኧረ አይገባም" አለ። በሳምንቱ ደገሙለት፤ አሁንም አይሆንም አለ። በሦስተኛው ሳምንት ሴትዮዋ ቁልፉን የታክሲው ወንበር ላይ ጥለውለት ወረዱ። "እኚያ ሴትዮ ልጅነታቸውን ጎጃም ሳያሳልፉ አልቀሩም" ይላል አባዬ እስከ ዛሬ፣ በሙሉ ልቡ።

ቀንድ አውጣዋ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ ስትቆም የሁለት መኪና ቦታ ያዘችና ከጎረቤት ሁሉ አቀያየመችን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባዬ ነጠላውን ለእናቴ አቀብሎ ከመኪናዋ ሥር ይገባል፤ የሕንፃው ሐበሻ በሙሉ ከበላዩ ቆሞ ይመክረዋል። አንዱ ባትሪው ነው ሲል ሌላው ካርቡሬተሩ ነው ይላል፤ ሁለቱም ጠጋ ብለው አላዩም። እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ "የሰው ባል ቤት ይገዛል፣ የእኔ ባል ጎማ ያለው ቤት ይጠግናል!" ስትል ሰፈሩ ይስቃል፣ አባዬም ከሥር ሆኖ ይስቃል፣ ሳቁ ብቻ ይሰማናል። ለምን እንደዚያ እንደሚለፋ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሴትዮዋ ከባለቤታቸው ጋር በየበጋው ይሄዱበት የነበረ፣ የአሮጌ ሞተርሆም ባለቤቶች የሚሰበሰቡበት ሜዳ ፔንሲልቬንያ ውስጥ አለ ብለውታል፤ በመጨረሻው ቀን መኪኖቹ በሰልፍ ሆነው በትንሿ ከተማ መሀል ያልፋሉ፣ ሕዝቡም ወጥቶ ያያል ብለውታል። አባዬ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ራሱን አይቷል። አገሩ መምህር ነበር፤ እዚህ ከመጣ ጀምሮ ሰው የሚያየው ከኋላ ወንበር ሆኖ ማጅራቱን ነበር።

በጋ ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ ሄድን። እኔና ሳምሶን ከአባዬ ራስ በላይ ያለችው አልጋ ላይ በሆዳችን ተኝተን በትንሿ መስኮት መንገዱን ቁልቁል እያየን፣ እናቴ ደግሞ በየኩርባው እየተከፈተ የሚያስቸግራትን ቁምሳጥን በእግሯ ደግፋ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተጓዝን። ዳገት ላይ ቀንድ አውጣዋ ስታቃስት ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋል፤ አባዬ ሰላምታ መስሎት ይሁን አውቆ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሁሉንም ያመሰግናል።

ሜዳው ላይ የቆሙትን መኪኖች ዓይነት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆኑ፣ በእንጨት የተለበጡ፣ መስኮታቸው ላይ አበባ የተተከለባቸው። የስብሰባው ወግ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና እንግዳው እየገባ የውስጡን አሠራር አይቶ ይወጣል። አይቶ ይወጣል፣ አለቀ። እናቴ ግን ቤቷ የገባ ሰው ሳይቀምስ ሲወጣ አይታ አታውቅም። ለሦስት ቀን ብላ የያዘችውን ድፎ ዳቦ፣ ቋንታ ፍርፍሩን፣ የተቀቀለውን እንቁላል፣ ዳቦ ቆሎውን ለገባው ሁሉ ታቀርብ ጀመር። አንዲት ቀጭን ሴትዮ በትሕትና አይ፣ አመሰግናለሁ ስትላት እናቴ ደረቷን ይዛ "በሞቴ!" አለቻት። ሴትዮዋ ምን እንዳለች ሳምሶንን ብትጠይቀው፣ እሱ ደግሞ ቃል በቃል ተርጉሞ፣ ካልበላሽ እሞታለሁ ነው የምትለው አላት። ሴትዮዋ ወዲያው እንቁላሉን ጨረሰችው። ከቀትር በፊት የሦስት ቀን ስንቃችን አለቀ፤ ቀንድ አውጣዋ በር ላይ ግን ሰልፍ ነበር።

ማታ ጎረቤቶቻችን ሥጋ መጥበስ ጀመሩ። አንድ ትልቅ ሰውዬ መቆንጠጫውን እንደያዘ ወደ አባዬ መጥቶ እራት አብራችሁን ብሉ አለው። አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ፣ በልተናል" አለ። ሰውዬው "ኦልራይት!" ብሎ በደስታ ተመለሰ። አባዬ ወንበሩን ወደ ጥብሱ አዙሮ ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቀ። ጥብሱ ተገላበጠ፣ ወጣ፣ ተበላ፣ ሣህኑ ታጠበ፣ ሁለተኛው ጥሪ አልመጣም። ሳምሶን "ዳዲ፣ ጀስት ሴይ የስ!" ብሎ ሊያለቅስ ሲቃረብ፣ አባዬ በሹክሹክታ "ሰው አንዴ ሲጠየቅ ዘሎ ይበላል? ሆዳም እንዲሉን ነው?" ብሎ ተቆጣው። ከመሳቢያው ጥግ የተለቀመ ዳቦ ቆሎ በልተን ተኛን። እናቴ ጨለማው ውስጥ ሳቋን ለማፈን ስትታገል አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እሑድ ጠዋት ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። የሰሌን ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ሰብሳቢ መጥተው ቀንድ አውጣዋን ዞረው አዩና፣ የድሮውን ባለቤት እንደሚያውቋቸው፣ እሳቸው እንኳን እንዲህ አሳምረው እንዳልያዟት ነግረውት፣ "ዛሬ ሰልፉን አንተ ብትመራልን?" አሉት። አባዬ ፊቱ ሲበራ አየሁት። ክረምቱን ሙሉ ከሥሯ ተኝቶ የለፋው ለዚህ ነበር፤ ከዚህም በላይ ነበር። ከዚያ አፉን ከፈተና "ኧረ አይሆንም፣ እኔ እንግዳ ነኝ፣ ከእኔ በፊት ብዙ ታላላቆች አሉ" አላቸው። ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ይገባኛል፣ ጨዋ ሰው ነህ ብለው ወደሚቀጥለው መኪና ሄዱ። ሰልፉን ከኦሃዮ የመጡ ባልና ሚስት መሩት። እኛ በመጣንበት ቅደም ተከተል ተሰልፈን መጨረሻ ሆንን፤ ከፊታችን ያሉትን ሁሉ ጭስ እየዋጥን ከተማው መሀል ስንደርስ ሕዝቡ ወንበሩን እያጣጠፈ ነበር። አባዬ ጀርባቸውን ለሰጡት ሰዎች እጁን እያውለበለበ አለፈ። እናቴ ከጎኑ ሆና ቀስ ብላ "ደግመው ይጠይቁኛል ብለህ ነው አይደል?" አለችው። "ሁለተኛ ቢሉኝ እሺ እል ነበር" አለ፣ መንገዱን እያየ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ አባዬ ነዳጅ ሊቀዳ ሲወርድ፣ እናቴ ወደ ላይ አንጋጣ ሕግ ደነገገችልን። "አባታችሁን ሦስቴ ካልጠየቃችሁት እንዳልጠየቃችሁት ቁጠሩት" አለች። እሷ እስክትሞት ድረስ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። አመመህ ወይ ትለዋለች፣ ደህና ነኝ ይላል፤ ትደግምለታለች፣ ምንም አልሆንኩም ይላል፤ ሦስተኛው ላይ ጫማውን እያወለቀ ወገቤን ይላል። ከዚያ ጉዞ በሚቀጥለው ዓመት እሷ ሁለተኛ ሥራ ጀመረች፣ እሱም ፈረቃ ጨመረ፣ ፔንሲልቬንያ ሁለተኛ አልሄድንም። ቀንድ አውጣዋም ከሰው ጓሮ ወደ ሰው ጓሮ ስትንከራተት መጨረሻ ላይ ሳምሶን ዘንድ አረፈች።

ሐሙስ ዕለት ባልዲውን እዚያው ትቼ በቀለበት መንገዱ፣ በቤልትዌይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባሁ። አባዬ አሁን የሚኖረው የአረጋውያን ሕንፃ ውስጥ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤቱ ሲሰፋበት፣ ግሪንቤልት ባለው ቤቴ ከእኔና ከልጆቼ ጋር ይኖር እንደሆነ ጠይቄው "ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ፣ ሕንፃው ይሻለኛል" ስላለኝ ነው እዚያ የገባው። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ደነገጠ፤ በሥራ ቀን መጥቼ አላውቅም።

"ምነው፣ በሰላም ነው?"

"በሰላም ነው። አባዬ፣ ቀንድ አውጣዋ ግን ትሸጥ?"

"ነገርኩሽ እኮ። ምን ልሠራባት?"

"በሞቴ እውነቱን ንገረኝ።"

ሳቀ። "መሸጡስ ትሸጥ፤ ወንድምሽን ሰው እንዲጨቀጭቀው አልፈልግም። ግን ሰውዬው ሳይወስዳት፣ እዚያው መንደር ውስጥም ቢሆን፣ አንዴ ብነዳት ደስ ይለኛል።"

ቅዳሜ ማለዳ መጥቼ እንደምወስደው ነገርኩት። ደስታው እንደ ልጅ አደረገው፤ የሚነዳበትን ጫማ ሊፈልግ ተነስቶ ቁምሳጥኑን ማተራመስ ጀመረ። "ዛሬ እናትሽን መሰልሽ" አለኝ ጎንበስ እንዳለ። እኔም በዚያ ድፍረት አግኝቼ ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። አንድ ክፍል፣ አንድ የታጠበ ሣህን፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን።

"አባዬ፣ እዚህ ቤት ግን ተስማምቶሃል?"

ጫማውን እንደያዘ ቀና አለ። "ተስማምቶኛል። ምን ጎድሎኝ?" አለና አየኝ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። እየጠበቀኝ እንደሆነ አውቄያለሁ።

ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። የእናቴን ሕግ ረስቼው አይደለም፤ ከደቂቃ በፊት ስለ ቀንድ አውጣዋ ሠርቼበታለሁ። ነገር ግን ሁለተኛውን ብጠይቅ ሦስተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው ላይ አባዬ እውነቱን ይናገራል፣ እውነቱን ከተናገረ ደግሞ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን፣ ማታ ማታ ሳሉን፣ ልጆቼ ክፍላቸውን ሲለቁ የሚያሰሙትን ኩርፊያ፣ ሁሉንም ቤቴ ላስገባ ነው። ስልኩን የዘጋሁትም በሥራ ተጣድፌ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ መጠየቅ እንደሚመች ከለመድኩ ቆይቻለሁ። እናቴ ስትሞት ያጣነው ሳቋንና እጇ የነካውን ምግብ መስሎኝ ስናፍቅ ኖሬያለሁ። አባዬ ያጣው እሺ እስኪል የሚለምነውን ሰው ነው፤ ያ ሰው መሆን ደግሞ የሚችል ከእኔ ሌላ የለም።

ቁልፌን አነሳሁ። "በል ቅዳሜ እመጣለሁ። ደህና ነህ አይደል?" አልኩት።

"ደህና ነኝ" አለኝ።

"ጥሩ" ብዬ ወጣሁ።