አባቴና የህንዱ ሥር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

አባቴ በወጣትነቱ ለንግድ ቦንጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ስኳር ከያዘው ቆይቷል፤ ግን ክኒኑን በሰዓቱ እየዋጠ ደህና ነበር። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት አጠገቡ የተቀመጠ ሰው በስልኩ ቪዲዮ አሳየው። አሽዋጋንዳ የሚባል የህንድ የባህል መድኃኒት፣ የተክል ሥር ነው። ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለጭንቀት፣ ለጉልበት፣ ለስኳር፣ የማይሆንለት በሽታ የለም ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ፈልገሽ አምጪልኝ” እያለ ሰላም ነሳኝ።

እኔ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ እያለሁ ይደውላል። “አገኘሽው?” የቦንጋን ፋርማሲዎች አዳረስኩ፤ የለም። ሺሺንዳ ገበያ አይጠፋም ሲሉኝ በዝናብ ሄድኩ። እዚያ ስሙን እንኳ የሰማ ሰው አልነበረም። “እስቲ ዋጫ ሞክሪ” ተባልኩና የሚቀጥለው ቅዳሜዬም ሄደ።

ዋጫ ገበያ ሥርና ቅጠል የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘሁ። የተክሉን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋቸው። አዩትና አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት በካፊኛ የሆነ ነገር አሏት። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

“ልጄ፣ ከየት ነው የመጣሽው?”

“ከቦንጋ።”

“ቦንጋ ግዛዋ ጠፋ እንዴ? ይሄ ግዛዋ ነው እኮ!”

ግዛዋ! ከሽንት ቤታችን ጀርባ፣ አጥሩ ሥር እንደ አረም የበቀለው! ልጅ ሳለን ቡዳ እንዳይበላን የታጠንነው!

ቤት ደርሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነገርኩት።

“እኔ ያልኩሽ የህንዱን ነው፤ ይሄ የቡዳ ነው” አለ ተቆጥቶ።

“አባባ፣ ተክሉ አንድ ነው።”

“አንድ ቢሆን ስሙ ለምን ይለያያል?”

ትቼው ወጣሁ።

እሱ ግን ለካ አልተወውም። “አንድ ነው” ያልኩትን ይዞ የግዛዋውን ሥር ቆፍሮ፣ በማንቆርቆሪያ እያፈላ፣ ከክኒኑ በተጨማሪ ጠዋትና ማታ ይጠጣ ጀመር። በአራተኛው ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ትምህርት ቤት ደወሉልኝ። “ቶሎ ነይ፣ ጋሽ ታደለ ላብ አጥምቋቸዋል፤ የሚናገሩትም አይገባኝም።”

ስደርስ ስኳር በጥብጠው እያጠጡት ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል። አየኝና በሟች እናቴ ስም ጠራኝ። ያኔ ንዴቱም ምኑም ጠፋኝ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ስኳሩ በጣም ወርዷል ተባለ። ግሉኮስ ተሰጥቶት ነፍስ ሲዘራ ሐኪሟ “ከክኒኑ ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?” ብላ ጠየቀችው።

“ምንም” አለ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

እትዬ ዘይነባ አላስቻላቸውም። “ኧረ ማንቆርቆሪያው ሙሉ የግዛዋ ሥር ነው! በዓይኔ ነው ያየሁት!”

ሐኪሟ ተክሉ ራሱ ስኳር ሊያወርድ እንደሚችል፣ ከክኒኑ ጋር ሲሆን ደግሞ አደገኛ እንደሆነ ረጋ ብላ አስረዳችው። “ሁለተኛ ሳይነግሩን እንዳይወስዱ” አለችው።

አባቴ ከትራሱ ቀና ብሎ ወደ እኔ ዞረ። “አየሽ? ሠርቷል ማለት ነው!”



ቤት እንደተመለስን ግዛዋውን ከነሥሩ ነቅዬ ጣልኩት። እሱ ግን በየሄደበት “ግዛዋ ነው ስኳሬን ቁጭ ያደረገልኝ” እያለ ያወራል። ሰው ሥር ፍለጋ በራችንን ሲያንኳኳ ደግሞ “ልጄ ነቀለችው” ብሎ ይከሰኛል።

በእሱ አሁንም እናደዳለሁ። በራሴ ግን ይብስብኛል። ሁለት ቅዳሜ ገበያ ለገበያ ከምዞር፣ አንድ ቀን ይዤው ሄጄ ሐኪም ብንጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ ባልመጣ ነበር። አሁን ክኒኑን እስኪውጥ አጠገቡ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ማንቆርቆሪያውንም ከፍቼ አያለሁ። “ሕፃን አደረግሽኝ” ብሎ ያኮርፋል።

ያኩርፍ።