ሐሊማ ተብላ አቤት ያለችው ዓለምነሽ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእትዬ ዓለምነሽን ሁለተኛ ስም ያወጡት ግን የላውንድሪያችን ባለቤት ኤዶ ኢስታሂል ናቸው። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን «ዓለምነሽ» ለማለት ሦስቴ ሞክረው ሲያቅታቸው፣ «በቃ፣ ሐሊማ ነሽ» አሏት። እሷም ማተቧን በሻርፕ ሸፍና፣ ሐሊማ ሆና፣ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ አጠገብ የሆቴል አንሶላ ስታጥብ አምስት ዓመት ሞላት።

እኔ ቢያድግልኝ ካውያ ላይ ነኝ። ኮሌታ ባሳረርኩ ቁጥር ምላሷ ከካውያው ይብሳል። ግን ታምሜ ዳሚ ሰፈር ያለው ቤቴ ስተኛ ሾርባ ይዛ የምትመጣው እሷው ናት። ባሏ ሞቶ፣ ደሴ ነርሲንግ የምታስተምራት አንዲት ልጅ አለቻት።

ባለፈው ዓመት ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሁለት ተቆጣጣሪዎች የሠራተኛ ዝርዝር ይዘው መጡ። «ዓለምነሽ የታለች?» ሲሉ፣ ወረቀቱን ሁሉ ጉዳይ አስፈጻሚ የሚጨርስላቸው ኤዶ፣ «እንዲህ የምትባል እኔ ዘንድ የለችም» አሉ፤ በሙሉ ልብ! እትዬን ስሟን ሲጠይቋት ደግሞ ከልማዷ «ሐሊማ» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አንዷን በወረቀት አስመጥተው ሌላዋን ያሠራሉ ተባለና የኤዶ የስፖንሰርነት ፈቃድ ተሰረዘ። ፓስፖርቷን ብናሳይም፣ «እዚህ የምትሠራዋ ሌላ ናት፣ ራሷ ነግራናለች» አሉን። በኤዶ ስፖንሰርነት የመጣን ኢትዮጵያውያን ስድስታችንም በሠላሳ ቀን ከአገር እንድንወጣ ተጻፈልን። የልጅቷ ትምህርት ሊያልቅ የቀረው አንድ ዓመት ነበር።

ኤዶ እኛን አሰናብተው የአገራቸውን ልጆች ቢቀጥሩ ማን ይወቅሳቸው ነበር? እሳቸው ግን ፍርድ ቤት ከሰሱ። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ በምስጋና ይሞላል።

በችሎቱ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ፣ «ዓለምነሽ ሐሊማ ተብላ ትጠራለች የሚለው ለክርክሩ ሲባል የተፈጠረ ነው» ብሎ ደረቀ። እትዬ ዓለምነሽ አላስችል አላትና አስተርጓሚውን፣ «አጣመህ አትተርጉም!» ብላ ትጨቀጭቀው ጀመር። ኤዶ ያሉበትን ረስተው ከኋላዋ ጮኹ፦

«ሐሊማ!»

«አቤት ኤዶ!» ብላ እጇን አጣምራ ዞረች።

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ዳኛ ሳቃቸውን ውጠው አቤት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ።

«የተጠራ ሰው መልስ ነው» አለ አስተርጓሚው። «በደል የደረሰበትም ለዳኛ የሚጮኸው እንዲሁ ብሎ ነው።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ሰምተናል» አሉ ዳኛው።

በሁለተኛው ሳምንት ስረዛው ተሻረ፤ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን እንዲመዘገቡ ታዘዘ። እትዬ ዓለምነሽ በር ላይ የኤዶን ጉልበት ልትስም ስትጎነበስ ብድግ አደረጓት።

«ተዪ! ጥፋቱ የእኔ ነው። ስምሽን መልመድ ነበረብኝ።»

«ምን አጠፉ ኤዶ፤ ግን ከስሙ ሁሉ ሐሊማን ለምን መረጡ?»

ኤዶ ሻርፗን አስተካከሉላት።

«የእናቴ ስም ነው። አንቺ በመጣሽበት ወር ነው የሞተችው። ቤቴ ውስጥ በስሟ የሚጠራ ሰው እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

እትዬ ዓለምነሽ እንባዋ እየወረደ አቀፈቻቸው። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርም። በሰው አገር የእናቱን ስም የሚሰጥ ሰው ስንት ይገኛል?

ማግስቱን ኤዶ ሲለማመዱ አድረው ኖሮ፣ ከበሩ ላይ፣ «ዓ-ለም-ነሽ!» አሉ ጥርት አድርገው።

እትዬ አንሶላዋን ማሸቷን ቀጠለች።

«እንዲህ የምትባል እዚህ የለችም፤ እኔ ሐሊማን ነው የማውቀው» አለች።