ድንጋይ አንጭንም ያልን ሰሞን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚሠሩት ሾፌሮች ገበያው ስለቀዘቀዘ ማንም ከታሪፍ በታች እንዳይጭን ተማምለው ነበር። ሦስት ቀን እንኳ አልቆየም፤ አንዱ ጓደኛው ተደብቆ ዋጋ ሰብሮ ሲጭን አገኘው። "አባባ፣ እንዲህ ያለው ሰው ይባላል?" አለኝ። ሻይ እንዲጠጣ ጋበዝሁት። ዘጠና ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሁሉን ያውቃል ብሎ ነው የጠየቀኝ፤ ስለዚህ ነገር የማውቀው ደግሞ የራሴን ጉድ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ ነው። አባቴ ሁሴን አምስት በቅሎ ነበረው። ከባቲ ጨው አምጥተን ደሴ እናወጣለን፣ ከደሴ ጤፍና ማር እናወርዳለን፤ እኔም እግሬ የጠና ዳገቱን በመውጣትና በመውረድ ነው። ከዚያ ጣሊያን መጣና መንገድ ሠራ። እውነቱን ለመናገር፣ መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ጥሩ በልተንበታል። የሠራተኛው ብዛት ልክ አልነበረውም፤ ለሱ ቀለብ የምናደርሰው እኛ ነበርን። ሲያልቅ ግን ሠራተኛው ተበተነ፣ በምትኩ ካሚዮን የሚሉት የጭነት መኪና መጣ። እኛ በወር የምናመላልሰውን በአንድ ጊዜ ጭኖ ለምሳ ደሴ ይደርሳል።

ገበያው በአንድ ቀን አልሞተም፤ እያነከሰ ነው የሄደው። መጀመሪያ የበቅሎ ሣር የሚሸጡት ሴቶች ጠፉ። ባለ በቅሎዎች ከነከብታችን የምናድርባት እትዬ ዘሃራ ባዶ የቀረ ግቢዋን ቆፍራ ጎመን ተከለችበት። የስንት ዓመት ፍግ የጠገበ መሬት ነውና ጎመኑ አማረ፤ የሚገዛት ግን አላገኘችም። ኮርቻ ሰፊው አያ ወርቁ ካሚዮኖቹ የጣሉትን ጎማ እየቀደደ በረባሶ ጀመረ። ራሱን የገደለውን አውሬ ቆዳ ይገፍፋል እያልን ቀለድንበት። ሳቃችን ብዙም አልሰነበተም፣ ለበረባሶ መግዣ ያለው ሰው አልነበረምና።

እኛም ሁለቱን በቅሎ በማይረባ ዋጋ ሸጥን። የቀሩት ሦስቱ አጥንታቸው ወጣ። የግጦሹን ሜዳ ጣሊያን አጥሮታል፤ ሣሩም ገና ጥፍር አያክልም። እናቴ ማሽላ ቂጣ ስትቆርስ የራሷን ድርሻ በቀሚሷ ሸሽጋ ወደ በረት ስትሄድ አይቻት አውቃለሁ። አባቴም ያያል፤ አይናገራትም።

በሐምሌ መግቢያ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ወረደና ከዳገቱ ወገብ ላይ መንገዱን ቆርጦ ገደል ጣለው። ሰው አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ። እኛ ባለ በቅሎዎች ግን ሠርግ የተጠራን ያህል ፈነጠዝን። የዚያን ሐሙስ ከቀትሩ ሰላት፣ ከዙሁር በኋላ አሥራ አንድ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ቤታችን ለዱዓ ተሰበሰበ። አያ ወርቁም በቅሎ ባይኖረውም የኛ ሰው ነውና መጣ። ወሬው ቀድሞን ደርሷል፤ የመንገድ ሥራው አለቃ፣ ካቦው፣ ለጥገናው ድንጋይና ኖራ የሚጭን በቅሎ ይፈልጋል፣ በአሮጌው የእግር መንገድ ከበቅሎ በቀር የሚያልፍ የለም። አባቴ ዱዓውን ሲጨርስ ቀና አለ።

"መንገዱ እንደተቆረጠ ይህን ክረምት ከታገሥን ነጋዴው ዞሮ ወደኛ ይመጣል" አለ። "ለዚያ መንገድ ድንጋይ የሚጭን ካለ፣ ከእንግዲህ ይህን ደጃፍ እንዳይረግጥ።"

ሁሉም አሚን አለ። ከሁሉ ጮክ ብዬ ያልሁት እኔ ነበርሁ መሰለኝ።

ነጋዴው ግን አልመጣም። ደሴ ወጥቼ የማውቃቸውን ሱቆች በየተራ ዞርሁ። አንዱ የሚገዛው ስለሌለ ጨው አያሻኝም አለኝ። ሌላው መንገዱ እስኪከፈት እጠብቃለሁ አለ። በሳምንቱ መሐሏ የምንላት በቅሎ፣ ሁልጊዜ ከሁለቱ መካከል የምትሄደዋ፣ ተኝታ መነሣት አቃታት። እኔና እናቴ በጭራና በደረት ይዘን አቆምናት።

በማግሥቱ አባቴን ዳገት ላይ ላሰማራቸው ብዬ ዋሸሁትና ሦስቱንም ነድቼ ወጣሁ። ሰው እንዳያየኝ በወንዙ ዞርሁ፣ በቁጥቋጦ ውስጥ አለፍሁ፣ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ ደረስሁ። ከዚያ ቀና ብዬ አየሁ። ከአባቴ በቀር የማሉት ሁሉ እዚያ ናቸው። እያንዳንዱ በራሱ የስርቆሽ መንገድ መጥቷል። ማንም ማንንም ሰላም አላለም። አያ ወርቁ ጥግ ላይ ተቀምጦ በወስፌው የተቀደደ ኮርቻ ይሰፋል።

"ሰይድ" አለኝ ፊቴን ሳያይ፣ "የመሐሏ ኮርቻ ጀርባዋን ይፍቃታል። አምጣው ልስፋልህ።"

በቀትር የካቦው ሰዎች ለበቅሎዎቹ ገብስ አፈሰሱላቸው። ስንት ወር ሳልሰማው የቆየሁትን የገብስ መቆርጠም ሰማሁና ፊቴን አዙሬ አለቀስሁ።

ከዐስር ሰላት በኋላ ስመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። የኖራው ዱቄት ከጉልበቴም ከበቅሎዎቹም ላይ አልለቀቀም፤ መዋሸት አይቻልም። ደጃፉን እንዳልረግጥ ራቅ ብዬ ቆምሁ።

"ምን በሉ?" አለኝ።

"ገብስ።"

"ጠገቡ?"

"ጠግበዋል፣ አባዬ።"

ተነሥቶ የመሐሏን ጀርባ በእጁ ዳበሰ። "ጭነቱ ወደ ቀኝ ያደላል" አለ። "ነገ እኔ እጭናለሁ። ግባ፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው።"

እንደዚያ ተሰብሮ አይቼው አላውቅም። ቢመታኝ በስንት ጣዕሙ።

እስከ ነሐሴ አጋማሽ ከአባቴ ጋር ድንጋይ ጫንን። ከማንም በላይ አሳምሮ የሚጭን እሱ ነበር፤ ካቦው ሌሎቹን እንዲያስተምር አደረገው። መንገዱ ሲከፈት ከነገ ጀምሮ አትምጡ ተባልን፣ ገብሱም የዚያኑ ዕለት ቆመ። አባቴ ሦስቱን በቅሎዎች ከኮምቦልቻ ታች ሐርቡ ወሰዳቸውና ቀለባቸውን ለሚችል ገበሬ እንዲያው ሰጣቸው። መጫኛውን ትከሻው ላይ ጥሎ በእግሩ ተመለሰ። እኔ የካሚዮን ጫኝና አውራጅ ሆኜ ገባሁ፤ ያኖሩኝም ቤቴን የሠሩልኝም እነዚያው ካሚዮኖች ናቸው።

ለልጅ ልጄ ጓደኛህን ተወው፣ ቤቱ ምን እንዳለ አታውቅም ማለት እችል ነበር። አላልሁትም፤ ገና ንዴቱ አልበረደለትም። እኔም ብሆን መሐላ ማፍረሴን ለራሴ ይቅር ካልሁት ቆይቻለሁ። ይቅር ማለት ያቃተኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ካሚዮን በጠገንነው ቦታ ሲያልፍ እኔና አባቴ በቅሎዎቹን ወደ ዳር ስበን አሳለፍነው። ያ ካሚዮን እኛን ሊያጠፋ ነው የሚያልፈው። እኔ ግን ዓይኔን በጫንነው ድንጋይ ከተሠራው የመንገዱ መደገፊያ ግንብ ሥር አልነቀልሁም፤ ይናድ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ሳይነቃነቅ ቻለው፣ እኔም ደስ አለኝ። ዞር ስል አባቴም እዚያው ግንቡ ላይ አፍጥጧል፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ያው ደስታ ነው። ተያየንና ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። እስከ ዛሬ ሐምሌ በገባ ቁጥር ከደሴ የሚወርድ መንገደኛ ሳገኝ ያ ግንብ እንዴት አደረ ብዬ ሳልጠይቀው አልለቀውም።