አንድ ክር በሁለት ድምፅ

ቀኝ ጆሮዬ የተደፈነው ከሙስካት ወጣ ብላ ወዳለችው ዪቲ ሄደን ባሕር ውስጥ በዋኘን ማግስት ነው። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ተደፍኖ አገኘሁት፤ ባሕሩ ውስጥ ውሃ የገባበት መሰለኝ። ጭንቅላቴን አዘንብዬ በአንድ እግሬ ዘለልኩ። ምንም አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ውስጡ ማፏጨት ጀመረ፤ ቀጭን ነው፣ አያቋርጥም። የባሕር ውሃ ነው፣ ይደርቃል ብዬ ተውኩት።

ስለ ጆሮዬ ከመቀጠሌ በፊት ስለ ሰላማዊት መናገር አለብኝ። ያለ እሷ ይህ ሕመም አይተረክም።

እኔ ሙስካት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ልቤ ያለው ግን ክራር ላይ ነው። እዚህ ያለን ሐበሾች በሰርግና በክርስትና የምንጫወትበት ትንሽ ባንድ አለን፤ ሦስት ክራርና አንድ ከበሮ። ከበሮውን የሚመታው ኑርዬ የሆቴል ሾፌር ነው፣ የድሮ ጓደኛዬ። ባንዱ አንድ ደንብ አለው። ከመጫወታችን በፊት ክራሮቹን ሁሉ የሚቃኘው አንድ ሰው ነው፤ ያውም በስልክ መቃኛ ሳይሆን በጆሮው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እኔ የቃኘሁትን ማንም ዳግም አይነካም። መንካት እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ሰላማዊት ነርስ ናት፤ ከሁላችን በኋላ ነው የተቀላቀለችን። "ጋሼ" እያለች ክራሯን በሁለት እጇ ታቀብለኝ ነበር። መጀመሪያ ያናደደኝ ይኸው ትሕትናዋ ነው። ጉረኛን ሰው ይሰድቡታል፤ ትሑት ሰው ሲበልጥህ ግን ምን ትለዋለህ? አንድ ቀን ክራሯን ቃኝቼ ስመልስላት ቀጭኗን ክር ነካ አድርጋ ዝም አለች። ያቺ ዝምታ ሳምንቱን ሙሉ ስትበላኝ ሰነበተች።

ስለዚህ ፈተና ላክሁባት። ኢንተርኔት ላይ የሙዚቀኛ ጆሮ የሚፈትን ገጽ አለ። ሁለት ድምፅ ያሰማህና የትኛው ከፍ እንደሚል ይጠይቅሃል፤ በመለስክ ቁጥር ልዩነቱን እያጠበበ ይሄዳል። እኔ ለብቻዬ ደጋግሜ ሞክሬው ውጤቴን አውቃለሁ። ሊንኩን በባንዱ ግሩፕ ላይ "እስቲ እንዝናና" ብዬ ለቀቅሁት። ለመዝናናት አልነበረም፤ ሰላማዊት ከእኔ በታች ስትሆን ሁሉም እንዲያያት ነበር። ውጤት የምንላላክበት ቀን ደግሞ ጆሮዬ የተደፈነበት ቀን ሆነ።

ሄድፎኑን አጠለቅሁ። የተለቀቀው አንድ ድምፅ ነው። ሁለት ሰማሁ። በግራዬ የማውቀውን። በቀኜ ከፍ ያለ፣ የተጣመመ።

በሙያዬ የመጀመሪያው ትምህርት ዕቃ ሲበላሽ አቀያይሮ መሞከር ነው። ሄድፎኑን ገልብጬ፣ የግራውን በቀኝ የቀኙን በግራ አድርጌ አጠለቅሁት። ጠማማው ድምፅ ከሄድፎኑ ጋር አልዞረም። እዚያው ቀኜ ላይ ቀረ። የቢሮ ሰው ቢሆን ኖሮ የጠየቀኝ "ዕቃው ደህና ነው፣ ችግሩ ያንተ ነው" ብዬ እሸኘው ነበር። ለራሴ ሲሆን ግን ሄጄ አዲስ ሄድፎን ገዛሁ።

ውጤቴ ከሁሉም በታች ሆነ፤ ከበሮ ከሚመታው ከኑርዬ እንኳ በታች። ሰላማዊት ከሁላችን በላይ ሆነች። እርር ድብን አልኩ። እሷ ደግሞ ከሥሩ "ጋሼ፣ ሄድፎንዎ ይሆናል" ብላ ጻፈችልኝ። ከማሸነፏ ይልቅ ለእኔ ማዘኗ አቃጠለኝ። ያን ጊዜ ስለ ጆሮዬ አላሰብኩም፤ የማስበው ስለ እሷ ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት አል ቡስታን አካባቢ ባለ አዳራሽ የምሳ ሰርግ ነበረን። ክራር ስቃኝ ቀኝ ጆሮዬን ገበቴው ላይ፣ ድምፅ በሚያስተጋባው ሆዱ ላይ መለጠፍ የቆየ ልማዴ ነው። ወፍራሞቹ ክሮች እሺ አሉኝ። ቀጭኖቹ ግን ባጠበቅኳቸውና ባላላኋቸው ቁጥር ሌላ ሆኑብኝ። በመጨረሻ ልክ የመሰለኝን ይዤ ሦስቱንም ክራር አደልኩ። ተጫዋቾቹ ነካ ነካ አደረጉ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ያገራችንን ሰው ታውቁት የለ፤ ላረረ ወጥም "እጅሽ ይባረክ" ይላል።

ተጫወትን። ሙሽሮቹ ጨፈሩ። ሰላማዊትን በጎን አያታለሁ፤ ቀጭኖቹን ክሮች እየዘለለች ወፍራሞቹ ላይ ብቻ ትመላለሳለች። ጣቷ አልታዘዝ ያላት መሰለኝና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለካስ እኔ ያበላሸሁትን እየሸፈነችልኝ ነው።

ዕቃችንን መኪና ላይ ስንጭን ጠጋ አለችኝ።

"ጋሼ፣ የትኛው ጆሮዎ ነው?"

"የምን ጆሮ?"

"እስቲ አፍዎን ዘግተው 'እምም' ይበሉልኝ። ድምፁ ወደ የት ያደላል?"

እንዳለችኝ አደረግሁ። ወደ ግራ አደላ፣ ወደ ደህናው። ነገርኳት። ፊቷ ተለወጠ።

"ውሃ ወይም ኩክ ቢሆን ወደ ተደፈነው ነበር የሚያደላው። ይሄ ከውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ጋሼ። ዛሬውኑ ሐኪም ይየዎት።"

"ቦታዬን ፈልገሽ ነው" አልኳት። ዐይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን ካጠገቤ አልሄደችም።

ኑርዬ ከበሮውን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። "መኮንን፣ ኻላስ፣ በቃ። ዛሬ ሙዚቃ ማፊ፣ የለም። ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ። ያላ፣ ግባ።"

ይሉኝታውን የሰበረልኝ እሱ ነው። ገባሁ። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ እንዳኮረፍኩ ሄድኩ።

ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘጉብኝ። ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን አሉኝ። በግራዬ ሰማሁ፣ ተጫንኩ። ወደ ቀኝ ዞሩ። ጠበቅሁ። በመስታወቱ ባለሙያዋን አያታለሁ። እጇ ይሠራል። ድምፅ እየላከችልኝ ነው ማለት ነው። አልሰማሁም።

ሐኪሟ ሕንዳዊት ነበረች፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ኦዲዮግራሙን፣ የመስማት ምርመራዬን ውጤት በመስመር የሚያሳየውን ወረቀት፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የቀኙ መስመር ወደ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ሲደርስ ቁልቁል ወድቋል።

"ሰድን ሴንሶሪኒውራል ሂሪንግ ሎስ ይባላል" አለችኝ። "የውስጥ ጆሮ ድንገተኛ ጉዳት ነው። ምክንያቱን ብዙ ጊዜ አናገኘውም። አንዱን ድምፅ ሁለት አድርጎ የሚያሰማዎት ደግሞ ዲፕላኩሲስ ነው።"

"ይመለሳል?"

"ቃል አልገባልዎትም። ቶሎ የመጣ ሰው የተሻለ ዕድል አለው። ማን ላከዎት?"

"አንዲት ነርስ" አልኩ። ስሟን አልጠራሁም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬም ቀናሁባት።

የስቴሮይድ ክኒን ጀመርኩ። ኤምአርአይ ተነሣሁ፤ ዕጢ የለም አሉኝ። ክኒኑ ብቻውን ስላልበቃ መድኃኒቱን በመርፌ ጨመሩልኝ። መርፌው በጆሮዬ ታምቡር በኩል ገባ። ክፍሉ ዞረብኝ። አትናገር፣ ምራቅህንም አትዋጥ ተባልኩ። ጣሪያውን እያየሁ ተጋደምኩ። ክራር መጫወት የማልችል ሰው ብሆን ማን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ፈራሁ።

ባንዱ ያለ እኔ ቀጠለ፣ የሚቃኘውም በሰላማዊት ጆሮ ሆነ። ኑርዬ የተቀዳውን ይልክልኛል፤ እኔ ደግሞ በደህናው ጆሮዬ ስህተት ለማግኘት ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው እየተመላለስኩ ስፈልግ እውላለሁ፤ አንድም አላገኘሁባትም። ስቴሮይዱ ያስርበኛል፣ ያነጫንጨኛል፤ ኑርዬ ግን መነጫነጩ ከክኒኑ በፊትም ነበር ይላል። ከሥራ ሲወጣ ሲዳብ ወደምትባል የባሕር ዳር መንደር ወስዶ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደሚያወጡበት ዳርቻ ያራምደኝ ነበርና፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከቀኜ በኩል የጀልባ ሞተር ሲንተከተክ ሰምቼ ቆም አልኩ፤ ዞሬ ሳይ ጀልባዋ እውነትም በቀኜ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ክራሬን አውጥቼ አንዷን ክር እየነካሁ አንዴ በግራዬ አንዴ በቀኜ እያዳመጥኩ፣ በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ቀስ በቀስ ሲጠብ ተከታተልኩት። ሐኪሟም በየቀጠሮው የቀኙ መስመር ወደ ግራው እየተጠጋ መምጣቱን አሳየችኝ፤ የመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ድምፆች ግን እንደተጣመሙ ሊቀሩ ይችላሉ አለችኝ። ቀሩም።

ይህን የምታነቡት ጆሯችሁ ድንገት የተደፈነባችሁ ከሆነ፣ ዘይት አታፍሱበት፣ ይደርቃል ብላችሁም አትጠብቁ። በዚያው ዕለት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ የመስማት ምርመራ ይደረግልኝ በሉ። ሙዚቀኛ ከሆናችሁ ደግሞ ሁለቱን ጆሯችሁን ለየብቻ ፈትኑ እንጂ ከሰው ጋር አትፎካከሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ጭራሽ ሕመሜን በሰው ላይ ነበር የደበቅሁት። ለሐኪሟ፣ ለኑርዬም ምስጋናዬ ብዙ ነው። የሰላማዊትን ምስጋና ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለሚከብደኝ ነው።

ወደ ባንዱ በተመለስኩበት ቀን ክራሬን ቃኝታ በሁለት እጇ አቀበለችኝ። "እስቲ ይስሙልኝ፣ ጋሼ" አለችኝ። ገበቴውን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ።

"ቀጭኗ ክር ከፍ አላለችም?" አልኩ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሦስተኛው ክራር ተጫዋች "ትንሽ ሳትል አትቀርም" አለ፣ እኔን ላለማስቀየም። ሰላማዊት ግን ዐይን ዐይኔን አየችኝ።

"አይ ጋሼ። ክሯ ልክ ናት። ጆሮዎ ነው።"

ክራሩን ወደ ግራ ጆሮዬ አዞርኩት። ልክ ነበረች። ቅናቱ እንደ ድሮው ሽቅብ መጣ፤ ለእሱ መድኃኒት ያዘዘልኝ የለም። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት፣ ክሯንም ሳልነካ እንደቃኘችው ተጫወትኩ።