በንጉሥ አምላክ የቆመ መጥረቢያ

ትናንት ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ አንድ ወጣት መኪና ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ «ደን መጨፍጨፍ ይቁም!» እያለ ሲጮኽ፣ ከሰል እስከ አፉ የጫነ አይሱዙ በጎኑ አለፈ። ሾፌሩ እጁን አውጥቶ ሰላም አለው፤ ወጣቱም እየሳቀ መለሰለት። ንድድ አልኩ። አክስቴ የሺ ዓይኔ ላይ ድቅን አለች።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፤ እኔም ደብረ ማርቆስ ተማሪ ነበርኩ። ለክረምት ዲማ አካባቢ ወዳለው መንደራችን ስመለስ፣ ግራዝማች የምንላቸው ባለመሬት ለአዲስ ቤታቸው ከምንጩ በላይ ያሉትን ዋንዛዎች ሊያስቆርጡ ነው ሲባል ሰማሁ። መንደሩ የሚጠጣው ከዚያ ምንጭ ነው። ሌላው ውሃ ገደል ተወርዶ የሚቀዳ ነው፤ የሚወርዱት ደግሞ ሴቶች ናቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ፊት ቆሜ በጂኦግራፊ የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ጥላው ውሃ ያቆያል አልኩ። «ምን ያለ አንደበት ነው፣ ይባርክሽ!» ብለው መርቀውኝ ወደ ሰንበቴው ጠላ ሄዱ።

ማክሰኞ ጠዋት ቆራጮቹ መጡ። አክስቴ እንስራዋን አስቀምጣ፣ ጭቃውን እየረገጠች ሄዳ ዋንዛው ሥር ቆመች።

«በንጉሥ አምላክ! ዳኛ ሳይሰማን እንዳትነኩት!»

የተነሣው መጥረቢያ አየር ላይ ቀረ። የዛሬ ልጆች አያውቁትም እንጂ ያን ቃል የሰማ ሰው፣ ሌባም ቢሆን፣ ንቅንቅ አይልም ነበር።

«እመይቴ፣ እኛ ምን እናድርግ? ታዘን ነው» አለ አንደኛው፤ መጥረቢያውን ግን አወረደ።

ግራዝማች በበቅሎ ደረሱ። ሲነገራቸው ሳቁ።

«ንጉሡ እኔን እንጂ አንቺን የት ያውቁሻል? ቁረጡ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። «እንግዲያው መሬቴን ልቀቁ!» አሉ። ሰዎቹ የሚያርሱት የእሳቸውን መሬት ነው፤ ምን ይበሉ? አንደኛው ፊቱን አዙሮ ዋንዛውን መታ። አክስቴን ደግሞ «የንጉሡን ስም በከንቱ ጠርታለች» ብለው አሳሰሯት። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በበጋው ምንጩ ነጠፈ። በዓመቱ፣ ከእስር ከወጣች በኋላ፣ አንድ ሌባ ዓይኗ እያየ በጓን ሲነዳባት አብሬያት ነበርኩ።

«በንጉሥ አምላክ በይው እንጂ!» አልኳት።

«ማን ሊቆምልኝ?» አለች።

ያን ወጣት አልጠላሁትም፤ ድምፁም መልካም ነው። ግን አክስቴ «አትንኩት» ስትል በዛፉና በመጥረቢያው መካከል ቆማ ነበር። እሱ ከሰል የጫነውን አይሱዙ ለማስቆም መኪናውን እንኳ መንገዱ ላይ አላዞረም።