አምስተኛው ጥቅል

ትርንጎ ገብረጊዮርጊስ የፊልም ማሽን መያዝ የተማረችው ምሳ ስታመላልስ ነው። አባቷ በአንድ ግሪካዊ ሲኒማ ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ሲሠሩ ምሳቸውን የምታደርስላቸው እሷ ነበረች። ምሳውን ሰጥታ ወደ ቤቷ መመለስ ሲገባት በጠባቧ ደረጃ ሽቅብ ትወጣና ማሽኑ ካለበት ክፍል ገብታ ጥግ ይዛ ትቆማለች። ባለማሽኑ መጀመሪያ ያባርራት ነበር። ኋላ ታከተውና ተዋት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የተበጠሰ ፊልም በምላጭና በሙጫ እንድትቀጥልለት ይሰጣት ጀመር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ማሽኑን ዐይኗን ጨፍና ትፈታው ነበር።

አብዮቱ ፈነዳና ግሪካዊው አገሩ ገባ። ማሽኑም ጌጃ ሰፈር ውስጥ ላለ የቀበሌ አዳራሽ ተሰጠ። ሴት ልጅ እንዴት ማሽን ትይዛለች ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ግን ሌላ የሚችል ሰው ተፈልጎ ስለጠፋ ትርንጎ ከማሽኑ ጋር አብራ መጣች።

ነገሩ የደረሰው በ1970 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በምሥራቅ በኩል ጦርነቱ ተፋፍሟል። ከሰፈሩ ብዙ ወጣት ዘምቷል። ቀበሌው ለዘማች ቤተሰቦች አንድ የውጭ አገር የጦርነት ፊልም ሊያሳይ ደግሷል፤ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ መቀመጫ ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ፊልሙ አምስት ጥቅል ነው፤ ያለው ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሰንጋ ተራ ባለ ሌላ አዳራሽ ይታያል። እዚያ አንዱ ጥቅል እንዳለቀ ሁመድ የሚባል የቀበሌው ተላላኪ በብስክሌት ጭኖ ወደ ጌጃ ሰፈር ያደርሰዋል። ሁመድ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ሲጋልብ ግን የሚያየው ሰው ይህን አያምንም።

ታሪኩ የአንድ ድልድይ ጠባቂ ታሪክ ነው። ጦር የሚሻገርበት ድልድይ በፈንጂ ይፈርስና ጠባቂው አንተ ነህ ያፈረስከው ተብሎ ይያዛል። እሱ ግን ፈንጂውን የለኮሰውን ሰው በዐይኑ አይቷል፤ የወርቅ ጥርስ ያለው ረጅም ሰው ነው። የሚያምነው ሲያጣ ከእስር ቤት ያመልጣል፤ ከኋላው ወታደር እየተከተለው፣ ከፊቱ ያንን ባለወርቅ ጥርስ እያሳደደ አገር ያቋርጣል። ትርንጎ ዐርብ ዕለት አንዴ አይታዋለች። ቋንቋውን በግሪካዊው ሲኒማ ቤት ስለለመደችው በክፍሏ መስኮት እያየች ንግግሩን በድምፅ ማጉያ ወደ አማርኛ ትመልሳለች። የሰውየው ስም ለአፍ ስለማይመች ሕዝቡ ገና በሁለተኛው ጥቅል ላይ "ምስኪኑ" ብሎት ነበር። ምስኪኑ ባቡር ላይ ሲንጠለጠል አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲያመልጥ በእልልታ ይናጋል።

አራተኛው ጥቅል እንደተጀመረ ሁመድ ባዶ እጁን መጣ። ደረጃውን በሩጫ ስለወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"የለም፣" አለ። "አምስተኛውን ሰው ቀድሞ ወስዶታል። በረኛው ነው የነገረኝ። ባለማሽኑ ቆልፎ ወጥቷል።"

"ማን ነው የወሰደው?"

"ካኪ የለበሰ ሰው ነው አለ። ሌላ የሚያውቀው የለም።"

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሚደቅሳ ነበሩ። ሁመድ ባዶ እጁን ሲገባ ከታች አይተውት ኖሮ አንድ አብዮት ጠባቂ አስከትለው መጥተዋል። ነገሩን ጠይቀው ሰሙ። ከዚያ ዐይናቸውን ትርንጎ ላይ ተከሉ።

"ባለፈው ሳምንት የዘመቻው አጭር ፊልም እጅሽ ላይ ተቃጠለ፣" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። "ዛሬ ደግሞ የዘማች ቤተሰብ ተሰብስቦ ሳለ ጥቅል ጠፋ። ሕዝቡ እንዲረበሽ የምትፈልጊ ትመስያለሽ። የዚህ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

ታውቃለች። ስሙ አሻጥር ነው። በዚያ ዘመን ይህ ስም ከተለጠፈበት ሰው ጋር በመንገድ ላይ ሰላምታ የሚለዋወጥ አልነበረም፤ ቤቱ የሚመለሰውም ጥቂት ነው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ አላልኩም። ያለፈው ሳምንትም ፊልሙ አሮጌ ስለሆነ ነው የተቃጠለው።"

"ይህን ጨርሺና ቢሮ ታስረጃለሽ። ከማሽኑ አጠገብ እንዳትርቂ።" ጠባቂውን በሩ ላይ አቁመው ወረዱ።

ትርንጎ ሰዓቷን አየች። አራተኛው ጥቅል ሊያልቅ አሥራ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል።  በስክሪኑ ላይ ምስኪኑ ከአጥር አጥር እየዘለለ ነው። እሷም ከማሽኑ በላይ ያለችውን የአየር መግቢያ መስኮት ቀና ብላ አየች።

"ሁመድ፣ ብርሃኑ ሲደበዝዝ ይህችን የመብራቱን መዘውር ቀስ አድርገህ አዙራት። ሌላ ምንም አትንካ። ንግግር እምብዛም የለውም፣ ሩጫ ብቻ ነው።"

"ወዴት ልትሄጂ?"

"ብስክሌትህ የት ነው?"

በእንጨት ሣጥን ላይ ቆማ በመስኮቷ ሾልካ ወጣች። የጎረቤት ቤት ቆርቆሮ ጣራ ከእግሯ በታች ጮኸ። ጎንበስ ብላ እየዳኸች ጫፉ ድረስ ሄደችና በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ወረደች። ቀሚሷ በሚስማር ተይዞ እስከ ጉልበቷ ተተረተረ። ግድ አልሰጣትም። አጥሩ ሥር የቆመው የሁመድ ብስክሌት ላይ ወጥታ ቁልቁለቱን ለቀቀችው።

ሴት ብስክሌት ስትጋልብ ጌጃ ሰፈር አይቶ አያውቅም። ልብስ ሰፊዎች መርፌያቸውን አቁመው ወጡ። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አንዱ፣ "ልደታ ትጠብቅሽ" አለ። ትርንጎ በግሪካዊው ጊዜ ብስክሌት ተምራ ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲህ አልነካችም። መጀመሪያ ተንገዳገደች፤ ኋላ እግሯ አስታወሰና በረረች። ፈርታለች፤ ግን ቆይታ ስታስበው ያኔ በፍርሃቷ ውስጥ ደስታ እንደነበረበት አልካደችም።

የሰንጋ ተራው ባለማሽን ጋሽ ሀብተ ማርያም ይባላሉ። አዳራሹ ተቆልፎ ነበር፤ በረኛው ግን ማዶ ወዳለው ሻይ ቤት ጠቆማት። ብርጭቋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ሀብተ ማርያም፣ አምስተኛውን ለማን ሰጡት?"

"አንቺ የገብረጊዮርጊስ ልጅ፣ ቀሚስሽን ምን ነካው?"

"ልታሰር ነው። ለማን ሰጡት?"

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከደረት ኪሳቸው የታጠፈች ወረቀት አወጡ። "ያለ ወረቀት አልሰጥም። ይኸው፤ የእናንተው ሊቀመንበር ሾፌር ነው ይዟት የመጣው።"

በወረቀቷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ "የመጨረሻውን ጥቅል ለሾፌሬ ስጡት።" ከሥሩ ማኅተም፣ ከማኅተሙ በላይ የጓድ ሚደቅሳ ፊርማ።

"የዘመቻውን አጭር ፊልም ማለታቸው ነበር?" አለች ትርንጎ።

"እኔ ምን አውቄ። የመጨረሻው ይላል፤ የመጨረሻውን ሰጠሁ። የአጭሩ ፊልም ሌላው ቅጂ እኮ እዚያው አዳራሹ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው።"

ትርንጎ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት። ሊቀመንበሩ ከምስኪኑ ታሪክ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ የዘመቻውን ፊልም ሊያሳዩ አስበው የመጨረሻውን ብለው ጽፈው ሾፌራቸውን ልከዋል። ሾፌሩም የተሰጠውን ተቀብሎ ይጠሩኛል ብሎ እየጠበቀ ነው። ታዲያ ጥቅሉ ያለው እዚያው ጌጃ ሰፈር፣ ሊቀመንበሩ ካሉበት አዳራሽ አጠገብ ነው።

"ጋሽ፣ ወረቀቷን ያውሱኝ።"

"ውሰጃት። ፍጠኚ።"

ዳገቱን በእግር እየገፋች፣ ሜዳውን እየጋለበች ስትመለስ የአዳራሹ ጩኸት ከሩቅ ተሰማት። አራተኛው አልቋል። ያላወቀችው ነገር ሁመድ ያደረገው ነው። ሁመድ የፊልሙን ቋንቋ አያውቅም፤ ግን ሩጫው ሲያግለው ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ ከራሱ እየፈጠረ መተረክ ጀምሮ ነበር። "ከኋላህ ነው፣ ወንድሜ፣ ዞር በል" ሲል ሕዝቡ አብሮት ይጮሃል። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ የወንድ ድምፅ ሲሰማ ከፍቶ ገባ፤ ትርንጎን አጣት። ምስኪኑና ባለወርቅ ጥርሱ በአንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት እንደተገናኙ ጥቅሉ አለቀ፤ መብራት በራ፤ ሊቀመንበሩም ሴትዮዋን ያዟት ብለው ጠባቂዎች አሰማሩ።

ከአዳራሹ ጀርባ አንድ ላንድሮቨር ቆሟል። ሾፌሩ ዳዲ ክብ ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"እሱን ስጠኝ፣ ወንድሜ።"

"የጓድ ሊቀመንበር ነው። እስኪጠሩኝ ያዝ ነው ያሉኝ።"

"እኔን አሻጥረኛ ብለው ሊያስሩኝ የሚፈልጉት በዚህ ቆርቆሮ ነው። ክዳኑን እየው፤ አምስት ቁጥር የለበትም?"

ዳዲ ክዳኑን አየ፤ ከአዳራሹ የሚወጣውን ጩኸት ሰማ፤ ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ። ቆርቆሮውን አቀበላት።

ጠባቂዎቹ በአንዱ በር ሲወጡ ትርንጎ በሌላው ገብታ መሐል ለመሐል አለፈች። ቆርቆሮውን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ስለያዘችው አዳራሹ ሁሉ አየው። ልጃቸው የዘመተባቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ከፊት ወንበር ተነሡ። አንድ ጠባቂ ሊይዛት ክንዱን ሲሰነዝር መሐል ገቡ።

"ልጄ፣ ምስኪኑ ይፈታ እንደሆነ ሳላይ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። አሳልፋት።"

ሕዝቡ "አሳልፋት" አለ። ጠባቂውም ወጣት ነው፤ እሱም መጨረሻውን ማወቅ ሳይፈልግ አይቀርም። እጁን ሰበሰበ።

ትርንጎ ጥቅሉን በሁለት ደቂቃ አጠመደችው። መብራቱ ጠፋ፣ ወፍጮ ቤቱ በስክሪኑ ላይ ተመልሶ መጣ፣ አዳራሹም ጸጥ አለ። ሊቀመንበሩ ክፍሏ ሲደርሱ እሷ ድምፅ ማጉያውን ይዛ እየተናገረች ነበር። አላቋረጠችም። የምስኪኑ ንግግር ሲያልቅ ወረቀቷን አቀበለቻቸው።

"ጥቅሉ መኪናዎ ውስጥ ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

በማሽኑ ጭላንጭል አነበቡት።  ከዚያ ወደ ጠባቂው ዞረው፣ "ሾፌሩን አምጣው። አሻጥረኛው እሱ ነው" አሉ።

ትርንጎ እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ለእሷ አብቅቶላት ነበር። በኋላም ስትናገር፣ በመስኮት ከመዝለል ይልቅ የከበዳት ይህ እንደነበር ትናገራለች።

"ዳዲ የታዘዘውን ነው ያመጣው፣" አለች። "ወረቀቱ የመጨረሻውን ይላል። ጋሽ ሀብተ ማርያምም አንብበውታል፤ ሁመድም እዚህ ቆሞ እርስዎ ሲያነቡት አይቷል። እርስዎም ክፋት አላሰቡም። የቃል መቀላቀል ነው። ሰው የሚታሰርበት ነገር አይደለም።"

ሁመድ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "እውነቷን ነው" አለ።

ከታች እልልታው ፈነዳ። ባለወርቅ ጥርሱ ተይዟል፤ ምስኪኑ እጁ ላይ የነበረው ሰንሰለት እየተፈታለት ነው። ሊቀመንበሩ ሳያስቡት በጠባቧ መስኮት አጎንብሰው አዩ። ሰንሰለቱ መሬት ላይ እስኪወድቅ ድረስ አጎንብሰው ቆዩ። ሲነሡ ወረቀቷን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ለጠባቂው፣ "ተወው" አሉት። ከዚያ ደረጃውን ወረዱ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ትርንጎም አልጠበቀችም።

የዘመቻው ፊልም ያን ቀን ሳይታይ ቀረ፤ ሕዝቡ እየዘፈነ ነበር ከአዳራሹ የወጣው። ትርንጎ ሁሉም እስኪሄድ ጠብቃ መሬት ላይ ተቀመጠች።  ሁመድ ውኃ አመጣላት።

ሰኞ ጠዋት ከሊቀመንበሩ ቢሮ መልእክት መጣ። ትርንጎ ፊቷ ተለዋውጦ አነበበችው። የሚቀጥለው እሑድ ፊልሙ እንዲደገም የሚያዝ ነበር፤ ጓድ ሊቀመንበር አራተኛውን ጥቅል በሥራ ምክንያት በደንብ አላዩትም። እሑድ ዕለት ዳዲ ሚስቱን ይዞ መጣ። ሊቀመንበሩ ከፊት ተቀመጡ። አንድ ያልታሰበ ጥያቄ ግን ከወይዘሮ ድንቅነሽ መጣ። አራተኛው ጥቅል ሲጀመር ወደ ላይ ዞረው ትርንጎን ጠሩ።

"ይህን የሩጫውን እንኳ ያ ሰውዬ ይተርክልን፤ ከአንቺ እሱ ይሻላል።"

ሁመድ ጉሮሮውን ጠረገና ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ።