ካሜራው ያላየው ፊት

እህቴ በተዳረች ጊዜ ካሜራ ሰው እንደሚመርጥ አወቅሁ።

ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። አባትና እናታችን ካረፉ ወዲህ ያሳደጉን ወንድ አያታችን ናቸው። በጎልማሳነታቸው ሥጋ ደዌ ይዟቸው ዘመድ ሁሉ ሲሸሻቸው፣ የካቶሊክ ሲስተሮች ክሊኒክ ገብተው ዳኑ። በሽታው ግን ቅንድባቸውን አርግፎ፣ አፍንጫቸውን አስርጎ ነው የሄደ። «ቁስሌን ያጠበችው ሲስተር ፊቴን አልፈራችም» እያሉ ካቶሊክ ሆነው ቀሩ፤ እኛም የሳቸውን ያዝን። ሰፈሩ «የፈረንጅ ሃይማኖት» እያለ ይተርበናል። ለምደነዋል።

ከባሕር ዳር እየመጡ የሚቀድሱልን አባ፣ የሰው ክብር ከመልኩም ከጉልበቱም አይመጣም ይሉናል። እግዚአብሔር በአምሳሉ ስለፈጠረው ማንም አይሰጠውም፣ ማንም አይነሳውም። እኔም አዎ አዎ እያልኩ ምሳዬን አስብ ነበር። በሰርጉ ቀን ግን ቃላቸው ትዝ አለኝ።

ሙሽራ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ያሳደጋትን ሰው ጉልበት ስማ ትመረቃለች። አያቴ ለዚህች ሰዓት አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ከጂፕሶ በተሠራ የእመቤታችን ሐውልት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምርቃቱን ያጠናሉ መሰለኝ።

ፎቶ አንሺው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። አዲሱ ካሜራው ፊት እየፈለገ በቢጫ ሳጥን ይከባል፤ ያልከበበውንም ጥርት አድርጎ አያነሳም። እህቴ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል «ቆይ ቆይ!» አለ። እኔም በትከሻው በኩል አጮልቄ አየሁ። እህቴ ላይ ሳጥን አለ። ሚዜዋ ላይ አለ። ኧረ ሐውልቷም ላይ አለ! አያቴ ላይ ግን ምንም የለም።

«ካሜራው አባትን አላገኛቸውም» አለ ፎቶ አንሺው ጆሮውን እያከከ።

«ጂፕሶ ፊት ነው ብሎ አያቴን እንዴት ያጣቸዋል?» አልኩት።

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ? የራሱ አእምሮ አለው። ሲሠሩት ብዙ ፊት አሳይተው ነው ያስተማሩት።»

«የሳቸውን ዓይነት ማን አሳየው?»

ካሜራውን ያገላብጥ ጀመር። የመለሱልኝ የሙሽራው አክስት ናቸው። መጀመሪያም የሥጋ ደዌ ዘር ብለው ጋብቻውን አልወደዱትም ነበር። «አየሽ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፤ «ሰው ያዳላል እንበል። ማሽን ምን ጥቅም አለውና ያዳላል?»

ጉድ እኮ ነው! ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ አንድ እንኳ የሳቀ የለም። እንዲያውም ራስ የነቀነቀ ነበር። ዕቃ መሰከረ ተብሎ ሰው ሲፈረድበት ያየሁት ያን ቀን ነው።

እህቴ ተንበርክካ መሬት መሬት ታያለች። አንድ ቃል ከሷ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። አያቴም የጠበቁ ይመስለኛል። ቃሉ ሲዘገይ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። «የልጄ ሰርግ አይበላሽ» አሉና እዚያው ቆሞ የነበረውን አጎቴን ጠሩት። «ና፣ ተቀመጥ። ያንተን ያየዋል።»

አጎቴ እየተቅለሰለሰ ተቀመጠ። ሳጥኗም ወዲያው ፊቱ ላይ ዱብ አለች። እህቴ ጉልበቱን ሳመች፤ እሱም ሁለት ቃል መርቆ ሦስተኛው ጠፋው። አያቴ ከበሩ ጥግ ሆነው «አሜን» አሉ። ፎቶ አንሺው «በጣም ቆንጆ!» አለ።

ለመልሱ ስትመጣ እህቴ አያቴን ጓዳ አግኝታ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን ሸፈኑባት።

«ተይ ልጄ። ሰው ፊት ያልሆነ በጓዳ አይሆንም።»

አለቀሰች። እሳቸውም ራሷን ዳበሱላት፤ ጉልበታቸውን ግን አልገለጡላትም።

ፎቶው አሁን ፍኖተ ሰላም እህቴ ሳሎን ተሰቅሏል። ጥርት ያለ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ዓመት ታሪክ መጻፍ እንደምችል ደረስኩበትና ደስታዬ ወሰን አጣ፤ መጀመሪያ የጻፍኩትም ይህን ነው። ለአያቴ አነበብኩላቸው።

«አፍንጫዬን ቀጠልሽልኝ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ የለም አባባ፣ እንዳለ ነው የተውሁት።»

«እሰይ።» ቀጥለውም «ለእህትሽ ግን አታንብቢላት» አሉ።